አነስተኛ የቤንዚን ሞተር፤ አያያዙና አጠባበቁ በምዕራብ ሐረርጌ የመስኖ ቦታዎች

በድርቅ ጥሪቱን ላጣ ወይም ከቀድሞ ቀዬው ተነሥቶ በአዲስ ሥፍራ ለሠፈረ ገበሬ ከሚሰጡት የማቋቋሚያ መሣሪያዎች አንዱ በቤንዚን የሚሠራው አነስተኛ የውኃ መሳቢያ ሞተር ነው። ክብደቱ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ግራም የሚደርስ፣ ሁለት ሰዎች በቀላሉ አንሥተው ከማሳ ወደ ማሳ የሚያዛውሩት መሣሪያ ነው። በጭሮ፣ በሂርና፣ በበደሳ፣ በገለምሶና በሚኤሶ ዙሪያ ውኃ ባለበት ሁሉ በበጋ ወራት ድምፁ ይሰማል። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ድንችና ቃሪያ ይጠጣበታል። ጫትም ይጠጣበታል፤ የመሣሪያው ስጦታ ሰነድ ስለ ጫት ምንም ባይልም፣ በበጋ የሚለቀም ጫት ዋጋው ከክረምቱ የላቀ በመሆኑ ሞተር በእጁ የገባ የጨርጨር ገበሬ ጫቱን ሳያጠጣ አያልፍም።

እንደሚታወቀው የምዕራብ ሐረርጌ ወረዳዎች ዝናብ ሲዛባ በቅድሚያ ከሚጎዱት የሀገራችን አካባቢዎች መካከል ይቆጠራሉ። በ1966 ዓ.ም. የዕርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ከተቋቋመ ወዲህ፣ በ1977፣ በ1995 እና በ2008 ዓ.ም. የደረሱት ድርቆች የሕዝቡን ጥሪት ደጋግመው አመናምነዋል። በ1996 ዓ.ም. ከምሥራቅና ከምዕራብ ሐረርጌ አያሌ አባወራዎች በዚያን ጊዜ በኢሉባቦር ሥር ወደነበረችው ጨዋቃ ሄደው ሠፍረዋል። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ከሶማሌ ክልል የተፈናቀሉ ወገኖች በዞኑ ከተሞችና መንደሮች ተጠልለዋል። ከእነዚህ ችግሮች በኋላ መሥሪያ ቤቶችና የዕርዳታ ድርጅቶች እህል ከማደል አልፈው መሣሪያ ወደ ማደል መሸጋገራቸው ተገቢ እርምጃ ነው። ሆኖም ሁለቱ የሚለያዩበት አንድ ዐቢይ ነገር አለ። እህል ተበልቶ ያልቃል፤ የርክክቡ ሰነድ ሲፈረም ሥራው ተፈጽሟል ሊባል ይችላል። የሞተር ሥራ ግን የሚጀምረው ሰነዱ ከተፈረመ በኋላ ነው።

ወደ መስኖ ቀበሌዎች ወጣ ብሎ የተመለከተ ሰው በጎጆ ጥግ ጆንያ ተደርቦበት፣ ዶሮ ሠፍሮበት የተቀመጠ ሞተር ማየቱ አይቀርም። የተሰጠበት ጊዜ ሲጠየቅ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ይሆነዋል። ይህ ዕድሜ ለእንዲህ ያለ ሞተር እርጅና አይደለም። ያቆመው ነገር ሲመረመር አብዛኛውን ጊዜ ከአራት ነገሮች አንዱ ሆኖ ይገኛል፤ ይኸውም የዘይት ማነስ፣ አቧራ፣ የተበላሸ ቤንዚን፣ ወይም ፓምፑ ያለ ውኃ መሥራቱ ነው። አራቱም በጥቂት ብርና በጥቂት ደቂቃ ሥራ የሚወገዱ ናቸው። ጉዳቱ ግን ጥቂት አይደለም። ሽንኩርት ራሱን በሚቋጥርበት ሳምንት፣ ቲማቲም በሚያብብበት ሳምንት ሞተር ቆሞ መለዋወጫ ከጭሮ ወይም ከድሬዳዋ እስኪመጣ አምስት ስድስት ቀን ካለፈ፣ ማሳው ቢተርፍም ምርቱ አይተርፍም። ገበሬው የዘርና የማዳበሪያ ዕዳውን ይዞ በሚቀጥለው ዙር ስሙ በዕርዳታ ተቀባዮች መዝገብ ላይ ይገኛል።

የሞተሩ ዓይነት

በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ባለ አንድ ሲሊንደር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ባለ አራት ምት ሞተር ነው። የጃፓኑ ሆንዳ ኩባንያ ጂኤክስ 160 በሚል መለያ የሚያወጣውና የቻይና ፋብሪካዎች 168ኤፍ እያሉ በልዩ ልዩ የንግድ ስም የሚሠሩት በመጠንም በአሠራርም ተቀራራቢ ናቸው። የቻይናው ቁጥር የራሱ ትርጉም አለው። የመጀመሪያው 1 የሲሊንደሩን ብዛት፣ ቀጥሎ ያለው 68 የሲሊንደሩን የውስጥ ስፋት በሚሊ ሜትር ያመለክታል፤ የሆንዳውም ስፋት ይኸው 68 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህም ምክንያት ካንዴላው፣ የአየር ማጣሪያውና የመጎተቻ ገመዱ ከአንዱ ለሌላው ብዙ ጊዜ ይስማማሉ። ግዥ የሚፈጽሙ ኃላፊዎች ይህን ሊያስተውሉት ይገባል። በአንድ ወረዳ ውስጥ አራት ዓይነት ሞተር ማደል ማለት አራት ዓይነት መለዋወጫ መፈለግ ማለት ነው፤ ዓይነቱ አንድ ከሆነ ግን የሞተው ሞተር አካል ሕያው ለሆነው ይተርፋል።

እዚህ ላይ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ማንሣት ይጠቅማል። በጀርባ የሚታዘሉት ባለ ሞተር የመድኃኒት መርጫዎችና የዛፍ መቁረጫ መጋዞች አብዛኞቹ ባለ ሁለት ምት ናቸው። እነዚህ የዘይት ማጠራቀሚያ የላቸውም፤ ዘይቱ በፋብሪካው በተነገረው መጠን ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ይገባላቸዋል። የውኃ መሳቢያው ግን ዘይቱ ከታች ለብቻው ይቀመጣል፤ ቤንዚኑም ንጹሕ መሆን አለበት። በ2012 ዓ.ም. በአንበጣ መንጋ ጊዜ በመርጫ መሣሪያ የሠራና ቤንዚን ከዘይት ጋር መቀላቀል የለመደ ሰው ልማዱን ወደ ፓምፑ ይዞ ቢመጣ ሞተሩ ይጨሳል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። የዚህ ተቃራኒ ደግሞ የከፋ ነው፤ ባለ ሁለት ምት ሞተር ንጹሕ ቤንዚን ብቻ ከተሰጠው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ፒስቶኑ ተቃጥሎ ይጣበቃል።

ዘይት

ሞተሩ ከሚፈልጋቸው ነገሮች ሁሉ የመጀመሪያው ዘይት ነው። በመኪና ሞተር ውስጥ ዘይትን እየገፋ ወደየክፍሉ የሚያደርስ ፓምፕና ቆሻሻውን የሚያስቀር ማጣሪያ አለ። በዚህ አነስተኛ ሞተር ውስጥ ሁለቱም የሉም። ፒስቶኑን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር በሚያገናኘው ክንድ፣ መካኒኮች ቢየላ በሚሉት ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ ማንኪያ መሰል ጥርስ አለች። ክንዱ በዞረ ቁጥር ጥርሷ ከታች ያለውን ዘይት እየጠለቀች ወደ ላይ ትረጨዋለች። ሞተሩ የሚቀባው በዚህ ርጭት ብቻ ነው። ዘይቱ ጥቂት ጎድሎ ጥርሷ ካልደረሰችበት ርጭቱ ይቋረጣል፤ ሞተሩም በደቂቃዎች ውስጥ ይነክሳል። ሞተሩ በወንዝ ዳር ዳገት ላይ አዘንብሎ ከተተከለም ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሽና ውጤቱ ያው ይሆናል። ስለዚህ ሞተሩ የሚቀመጥበት ቦታ በዶማ ተደልድሎ መስተካከሉ ከጥገና ሥራዎች አንዱ እንጂ ትርፍ ድካም አይደለም።

ዘይቱ በየዕለቱ፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ ደልዳላ መሬት ላይ ይታያል። መለኪያው ተፈትሎ ከወጣ በኋላ በጨርቅ ይጠረግና ሳይጠበቅ እንዲያው ገባ ተደርጎ ይወጣል። ዘይቱ እስከ ላይኛው ምልክት ካልደረሰ ይጨመርበታል። መለኪያው የጠፋበት ሞተር ቢኖር እንኳ ማየት አያስቸግርም፤ ደልዳላ መሬት ላይ ዘይቱ እስከ መሙያው አፍ ጠርዝ መድረስ አለበት። ከዚያ በላይ መሙላት ግን አይበጅም፤ ትርፉ ወደ ማቃጠያው ክፍል ዘልቆ ያጨሳል።

አዲስ ሞተር በመጀመሪያዎቹ 20 ሰዓታት ውስጥ ዘይቱ መለወጥ አለበት። በዚህ ጊዜ ብረቶቹ እርስ በርስ እየተላላሱ ስለሆነ ዘይቱ የብረት ብናኝ ይይዛል። ከዚያ በኋላ በየ100 ሰዓቱ ወይም ቢያንስ በየስድስት ወሩ ይለወጣል። በቀን 5 ሰዓት የሚሠራ ሞተር 100 ሰዓት የሚሞላው በ20 ቀን ነው። ይህም በተግባር በመስኖ ወራት በየወሩ አንድ ጊዜ መለወጥ ማለት ነው። አንድ ጊዜ የሚገባው ዘይት 0.6 ሊትር ያህል በመሆኑ ከኅዳር እስከ የካቲት ላሉት አራት ወራት ከሁለት ሊትር ተኩል የሚበልጥ አያስፈልግም። ይህን ያህል ዘይት ተነፍጎ ሞተር ሲሞት ማየት በእውነቱ የሚያሳዝን ነው።

የሚለወጠው ሞተሩ ሞቅ እንዳለ ነው፤ የሞቀ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ፈጥኖ ይወርዳል። ዓይነቱ ለባለ አራት ምት የቤንዚን ሞተር የተሠራ መሆን አለበት። እንደ ሚኤሶ ባለ ቆላ ሠላሳ ቁጥር ዘይት፣ ማለዳው በሚቀዘቅዝበት ደጋ ደግሞ አሥር በሠላሳ የሚባለው ይስማማዋል። ከጭነት መኪና የተገለበጠ የተቃጠለ ዘይት በርካሽ ስለሚገኝ የሚጨምሩ አሉ፤ እንዲህ ያለው ዘይት ጥቀርሻና የብረት ብናኝ የተሸከመ በመሆኑ ሞተሩን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ከሞተሩ የወጣውም አሮጌ ዘይት ወደ ወንዙ መደፋት የለበትም፤ ከታች ያለው መንደር ያንኑ ውኃ ይጠጣልና በጀሪካን ተጠራቅሞ ወደ ጋራዥ ይወሰድ።

አንዳንዶቹ ሞተሮች ዘይት ሲያንስ ራሳቸውን የሚያጠፉበት መሣሪያ አላቸው። ሞተሩ ደጋግሞ እየጠፋ አስቸገረ በሚል ሰበብ ሽቦው ተነቅሎ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ሽቦውን መንቀል ጠባቂን ማባረር ነው፤ ሞተሩ ለምን እንደጠፋ ማወቅ ይቀድማል።

አቧራና የአየር ማጣሪያ

ሞተር ለእያንዳንዱ ሊትር ቤንዚን ብዙ ሺህ ሊትር አየር ይተነፍሳል። ከቦርደዴ እስከ ሚኤሶ ባለው ሜዳ የበጋው አቧራ ምን ያህል እንደሆነ በመንገዱ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ማጣሪያው በተራ ሁኔታ በየ50 ሰዓቱ ይጸዳል፤ አቧራ በበዛበት ግን በየ10 ሰዓቱ፣ ማለትም በሁለት ቀን አንዴ ሊጸዳ ይገባል። ስፖንጁ በለብታ ውኃና በሳሙና ታጥቦ ከደረቀ በኋላ በንጹሕ የሞተር ዘይት ተነክሮ በደንብ ይጨመቃል። ወረቀቱ ግን አይታጠብም፣ ዘይትም አይነካውም፤ ቀስ ብሎ በእጅ ይመታና አቧራው ይረግፋል፤ ካልጠራ ይለወጣል። ማጣሪያን በቤንዚን ማጠብ ለእሳት አደጋ የሚያጋልጥ ስለሆነ ከቶ መደረግ የለበትም።

ማጣሪያው ሲደፈን ሞተሩ ይደክማል፤ ጥቁር ጭስም ያወጣል። ይህን ያየ ኦፕሬተር ማጣሪያውን አውጥቶ ቢጥለው ሞተሩ ወዲያው ይበረታል። በዚህም ትልቅ ብልኃት የተገኘ ይመስላል። ሆኖም የሚገባው አቧራ ከዘይቱ ጋር ተደባልቆ ሲሊንደሩንና የፒስቶኑን ፋሻ ይፍቃል። በዚያው በጋ መጨረሻ ሞተሩ ነጣ ያለ ሰማያዊ ጭስ ማጨስ፣ ዘይት መጠጣትና ገመዱ አሥር ጊዜ ካልተጎተተ አልነሣም ማለት ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ ጥገናው ከአዲስ ሞተር ዋጋ ብዙም አይርቅም።

ቤንዚንና ካንዴላ

ከማደያ ርቀው በሚገኙ ቀበሌዎች ቤንዚን የሚገዛው በመንገድ ዳር በጀሪካንና በፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። እንዲህ ያለው ቤንዚን ውኃ፣ ዝቃጭ፣ ወይም ነጭ ጋዝና ናፍጣ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። ውኃውን ለማወቅ ቤንዚኑን በሚያሳይ ጠርሙስ አድርጎ ጥቂት ማቆየት ይበቃል፤ ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከታች ይረጋል። ለነጭ ጋዝና ለናፍጣ ደግሞ ከእሳት ርቆ አንድ ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ ማንጠብጠብ ነው። ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ወረቀቱን እንደነበረ ይተወዋል፤ የተቀላቀለበት ግን የቅባት ዐሻራ ያስቀራል። ቤንዚኑ ወደ ታንኩ ሲገባ በጥቅጥቅ ንጹሕ ጨርቅ መጠለል አለበት። ሞተሩ እንደጋለ መሙላት ክልክል ነው፤ ጠፍቶ ቀዝቀዝ ይበልና ይሞላ።

ካንዴላው ሞተሩ ስለ ራሱ የሚናገርበት አካል ነው። በየ100 ሰዓቱ ተፈትቶ ይታያል። ጫፉ ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ ሁሉ ደኅና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥቀርሻ ከያዘ ቤንዚኑ በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል፤ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ማጣሪያው ነው፤ ቀጥሎም ቾኩ ሳይከፈት መቅረቱ ነው። ጥቁርና ቅባታም ከሆነ ዘይት እየዘለቀ ነው። ነጭ ከሆነ ሞተሩ ከመጠን በላይ ግሏል፤ በማቀዝቀዣ ክንፎቹ መካከል ሣርና ጭቃ ተወትፎ እንደሆነ ይታይ። በካንዴላው ጫፍ ያለው ክፍተት ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። መለኪያው ለሌለው ሰው የባንክ ካርድ ያገለግላል፤ ውፍረቱ በዓለም አቀፍ ደረጃ 0.76 ሚሊ ሜትር ተብሎ የተወሰነ ነው።

የጭሮ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ መሆኗም በሞተሩ ላይ የራሱ ጫና አለው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ ሞተሩ ከጉልበቱ 3.5 ከመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ በፋብሪካው ወረቀት ላይ 5.5 የፈረስ ጉልበት የተባለው ሞተር በጭሮ አካባቢ ጉልበቱ በአንድ አምስተኛ ያህል ቀንሶ ይገኛል። አየሩ ስስ በመሆኑ ቤንዚኑ ከአየሩ ጋር ሲመዛዘን ይበዛል፤ ሞተሩ የሚያጨሰውና ካንዴላው የሚጠቁረው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። ፋብሪካው ከ1,500 ሜትር በላይ ለሚሠሩ ሞተሮች በካርቡራቶሩ ውስጥ ጠበብ ያለ የቤንዚን ማሳለፊያ እንዲገጠም ይመክራል። ለደጋ ወረዳዎች ሞተር የሚገዛ መሥሪያ ቤት ይህን ከሻጩ ጋር አስቀድሞ ቢነጋገርበት መልካም ነው። ይሁንና በዚህ የተስተካከለውን ሞተር ወደ ቆላ ወስዶ ማሠራት ሌላ ጉዳት ያመጣል፤ ከመጠን በላይ ይግላልና ማሳለፊያው ወደ ቀድሞው መመለስ አለበት።

ፓምፑና የመሳብ ልክ

ፓምፑ ከመነሣቱ በፊት በላይኛው መሙያ ውኃ ሊጠጣ ይገባዋል። ውኃ እንዳያሾልክ በውስጡ የተደረገው ማኅተም የሚቀዘቅዘው በሚያልፈው ውኃ ነው፤ ያለ ውኃ ከሠራ በጥቂት ደቂቃ ይቃጠላል፤ ከዚያም ውኃ በመሐል እያንጠባጠበ ጉልበት ያጣል። የመምጠጫው ቱቦ ወንፊት ጭቃ ላይ መተኛት የለበትም፤ በቅርጫት ውስጥ ተደርጎ ወይም በእንጨት ታስሮ ከወለሉ ከፍ ይበል። የቱቦው መገጣጠሚያዎች አየር የሚያስገቡ ከሆነ ሞተሩ እየጮኸ ውኃ አይመጣም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሊብራራ የሚገባው የመሳብ ልክ ነው፤ የሰው ሕይወት ጉዳይ አለበትና። ፓምፕ ውኃ ይስባል ይባላል እንጂ ውኃውን በቱቦው ወደ ላይ የሚገፋው የአየር ክብደት ነው። በባሕር ጠረፍ ይህ ክብደት ውኃን ከ10.3 ሜትር በላይ ሊያነሣ አይችልም። በጭሮ ከፍታ ይህ ልክ ወደ 8.3 ሜትር ይወርዳል። በቱቦው ውስጥ የሚባክነው ሲቀነስ በተግባር የሚገኘው ከ6 ሜትር የሚበልጥ አይደለም። ሞተሩ ምንም ያህል ጉልበት ቢኖረው ይህን ሊለውጥ አይችልም። በወረቀቱ ላይ የሚነበበው 7 ወይም 8 ሜትር ለዝቅተኛ ሥፍራ የተጻፈ ነው። ውኃን ወደ ላይ መግፋት ግን ሌላ ነገር ነው፤ አንዴ ፓምፑ የደረሰውን ውኃ ብዙ ሜትር ከፍ አድርጎ ሊገፋው ይችላል። ስለዚህ ማሳው ዳገት ላይ ከሆነ ሞተሩ ወደ ማሳው ሳይሆን ወደ ውኃው ይቅረብ።

ችግሩ የሚመጣው በጥርና በየካቲት የጉድጓዱ ውኃ እየራቀ ሲሄድ ነው። ኅዳር ላይ በ4 ሜትር የነበረው ውኃ በ8 እና በ9 ሜትር ሲገኝ ፓምፑ መሳብ ያቅተዋል። ገበሬው ሰብሉ ፊቱ እየጠወለገ ነው። ስለዚህ ሞተሩን በገመድ አሥሮ ወደ ጉድጓዱ ያወርደዋል፣ ወይም በጉድጓዱ ወገብ ላይ መደብ ቆፍሮ ያስቀምጠዋል፤ ሊያስነሣውም አብሮ ይወርዳል። ይህ ገዳይ ነው። ከማርሚታው የሚወጣው ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይዟል። ጋዙ ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። በደም ውስጥ ኦክሲጅን ሊያርፍበት የሚገባውን ሥፍራ ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በበለጠ ኃይል ይይዛል። በጉድጓዱ ያለ ሰው ራሱን እንደመዞር ይለዋል፣ ጉልበቱ ይዝላል፤ ለመውጣት ሲያስብ እግሩ አይታዘዝለትም። ወንድሙ ወይም ጎረቤቱ ሊያወጣው ይወርዳል፤ እርሱም አይመለስም። በእንዲህ ያለ አደጋ የሟቾች ቁጥር ከአንድ የሚበልጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለሆነም የቤንዚን ሞተር በጉድጓድ ውስጥ፣ በጥልቅ ኩሬ ቦይ ውስጥም ሆነ በተዘጋ ቤት ከቶ አይሠራም። ጭሱን በረጅም ቱቦ ወደ ውጭ ማውጣት መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ፤ ቱቦው ያሾልካል፣ ይወልቃል፣ ስለዚህ አይታመንም። ሞተር ሲሠራ ወደ ዋለበት ጉድጓድ ሞተሩ ከጠፋም በኋላ መውረድ አይገባም፤ ጋዙ እዚያው ይቆያል። አደጋ ከደረሰ ማንም ሰው ሳይወርድ ተጎጂውን በገመድ ለመሳብ መሞከር ነው። የወንዝ ዳር ሲሆን ነፋስ በሚያገኘው ግልጥ ዳርቻ ላይ እርከን ቆርጦ ሞተሩን ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ውኃው ከ6 ሜትር በታች ለራቀ ጉድጓድ ግን የቤንዚን ፓምፕ መስጠት ራሱ ስሕተት ነው። እንዲህ ላለው የገመድ ፓምፕ ወይም ሞተሩ ከውኃው ውስጥ ሆኖ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ፓምፕ ይስማማዋል። ዕደላ የሚያቅድ ባለሙያ የጉድጓዶቹን ጥልቀት በኅዳር ሳይሆን በየካቲት መለካት አለበት።

ኃላፊነት የማን ነው?

በኅብረት የተሰጠ ሞተር የሁሉም ስለሆነ የማንም ሳይሆን ይቀራል። አሥር አባወራ በተራ ሲያጠጣ እያንዳንዱ ቤንዚኑን ያመጣል፤ ዘይቱን ግን የትናንቱ ሰው አይቶታል ብሎ ያልፋል። አንድ ጠባቂ ሊመረጥ፣ ለድካሙም የማጠጫ ተራ ወይም ጥቂት ክፍያ ሊታሰብለት ይገባል። ጠባቂው የሥራ ሰዓት የሚጻፍበት ደብተር ይያዝ። መጻፍ የማይችል ከሆነ በየ5 ሰዓቱ አንድ ጠጠር በቆርቆሮ ውስጥ ይጣል፤ ጠጠሩ 20 ሲሞላ ዘይቱ ይለወጣል። ለዘይት፣ ለካንዴላና ለማጣሪያ የሚሆነውን ገንዘብ በተመለከተ አዲስ ሥርዓት መፍጠር አያስፈልግም፤ የሐረርጌ ሕዝብ ለቀብርና ለችግር ጊዜ በአፎሻ እያዋጣ መረዳዳትን ያውቅበታል። በዚያው ልማድ እያንዳንዱ በማጠጫ ተራው ጥቂት ብር ቢያስቀምጥ ይበቃል።

ከሞተሩ ጋር የሚመጣው የመመሪያ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ወይም በቻይንኛ የተጻፈ ነው። ለአካባቢው ገበሬ የሚጠቅመው በአፋን ኦሮሞ የተነገረና በእጁ የሠራው ነው። በርክክቡ ዕለት ከንግግሩ ሰዓት ቀንሶ ጠባቂው ራሱ ዘይቱን እንዲለውጥ፣ ካንዴላውን ፈትቶ እንዲገጥም ማድረግ ይሻላል። በማከፋፈያ ዝርዝሩም ላይ ከእያንዳንዱ ሞተር ጋር 3 ሊትር ዘይት፣ 2 ካንዴላ፣ 2 የአየር ማጣሪያና የካንዴላ መፍቻ አብረው ቢካተቱ የወጪው ጭማሪ ከሞተሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው።

በክረምት ስለማስቀመጥ

ዝናብ ሲገባ ሞተሩ ለወራት ሥራ ይፈታል። አያሌ ሞተሮች የሚበላሹትም በሥራ ላይ ሳይሆን በዚህ ዕረፍት ነው። በታንኩና በካርቡራቶሩ የቀረ ቤንዚን ከወር ከሁለት ወር በኋላ እየወፈረ ሙጫ ይሆንና ቀጫጭን ማሳለፊያዎቹን ይደፍናል። ስለዚህ ታንኩ ይገለበጣል፤ በካርቡራቶሩ ሥር ያለችው ብሎን ተፈትታ የቀረው ይንጠፈጠፋል። ፓምፑ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ የታችኛው መክፈቻ ይከፈትና ውኃው ይፈሳል። ዘይቱ ይለወጣል። ካንዴላው ተፈትቶ በቀዳዳው አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጹሕ ዘይት ይገባና ገመዱ ቀስ ብሎ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጎተታል፤ ካንዴላው ከተገጠመ በኋላ ገመዱ እስኪከብድ ድረስ ተስቦ እዚያው ይተዋል፤ በዚህ ጊዜ ቫልቮቹ ስለሚዘጉ እርጥበት አይገባም። መሸፈኛው ጆንያ እንጂ ላስቲክ አይሁን፤ ላስቲክ እርጥበቱን ያፍናል። ሞተሩ ከመሬት ከፍ ባለ ሣንቃ ላይ፣ ከምድጃና ከልጆች ርቆ ይቀመጥ፤ ቱቦዎቹ ሳይታጠፉ በጥላ ይሰቀሉ። አይጥ የማጣሪያውን ስፖንጅ ስለሚወድ በመስከረም መጨረሻ ሞተሩ እንደገና ሲወጣ በቅድሚያ የሚከፈተው የማጣሪያው ቤት ነው፤ ከዚያ ዘይቱ ይታያል፣ አዲስ ቤንዚን ይገባል፣ ፓምፑ ውኃ ይሞላል፣ ገመዱም ይጎተታል።